የንስሮቹ ወሬ እንዳይቋረጥ

ፍኖተ ሰላም
ግንቦት 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ሰይፈ፣

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሁለቱ የንስር ጫጩቶች ታላቁ ከጎጆው ተነሥቶ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ወጣ። እትዬ ዓባይነሽ ለአንገታቸው ቀዶ ጥገና ሰኔ 1 ቀን ባሕር ዳር ቀጠሮ አላቸው፤ እስከ ዛሬ ድረስ «እሄዳለሁ» አላሉም።

ከሁለቱ ወሬዎች የትኛውን ላስቀድም ብዬ ተቸግሬ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በጋዜጣ ቤት የተማርኩት የሰው ወሬ ከአሞራ ወሬ እንደሚቀድም ነው። በእርስዎ ቤት ግን ይህ ሕግ ከተሻረ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ የሻሩትም እርስዎ ነዎት። ታናሽ ወንድምዎ ሆኜ፣ በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ደብዳቤ ጽፌልዎት አላውቅም። ካረፉ በኋላ መጀመሬ ለራሴም ይገርመኛል፤ ነገር ግን ጻፍ ብለው ያዘዙኝ ባለቤትዎ እትዬ ዓባይነሽ ናቸው። ለምን እንዳዘዙኝ ቦታው ላይ ስደርስ እነግርዎታለሁ። «ከሥሩ ጀምር፤ እሳቸው ከመሐል የተጀመረ ነገር አይወዱም» ስላሉኝ ከሥሩ እጀምራለሁ።

በ2006 ጥር ላይ ስኳሩ ኩላሊትዎን ነክቶ ከአልጋ ሲያውልዎት፣ ቡሬ የነበረውን የበርበሬ መጋዘን ዘግተው እዚህ ፍኖተ ሰላም ቤትዎ ተኙ። ከሽንዲ በርበሬ ሲያስጭኑ፣ ቡሬ ላይ ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ነዎትና ተኝቶ መዋል አላወቁበትም። ሥራዎ እትዬን «ያ በር ለምን ተከፈተ?» ማለት፣ ሲዘጉት ደግሞ «ለምን ተዘጋ?» ማለት ሆነ። ቡሬ የምታስተምረው ልጅዎ ሠርክአዲስ ያን መስታወቱ ሰፊ የሆነ ስልክ ገዝታ ያመጣችው ለእናቷ አዝና ይመስለኛል።

በዚያ ሰሞን አንድ ስብከት ሰምተው ነበር። ንስር ሲያረጅ ተራራ ላይ ይወጣል፣ ምንቃሩን ከድንጋይ ጋር አጋጭቶ ይሰብራል፣ ላባውን ይነቅላል፣ ከዚያ ታድሶ እንደ ጎረምሳ ይበራል የሚል። «ደጀኔ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ይህን ነገር በዓይኔ አሳየኝ» አሉኝ። ፈልጌ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ወንዝ ዳር ከትልቅ ዛፍ ላይ ጎጆ የቀለሱ ባልና ሚስት ንስሮች። ከጎጆው በላይ ካሜራ ተተክሎባቸው ቀንና ሌሊት ለዓለም ሕዝብ ይታያሉ። ራሰ በራ ንስር እንደሚባሉ ነገርኩዎት። ስልኩን ወደ ዓይንዎ አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

«ጭንቅላቱን ነጭ ጠጉር ሞልቶት የለም እንዴ? ራሰ በራ ማለት እኔ ነኝ» አሉ።

እናም ንስሩ ምንቃሩን የሚሰብርበትን ቀን መጠበቅ ጀመሩ። እሱ ግን የሚሰብረው የዓሣ አጥንት ብቻ ሆነ። ማታ ማታ «ዛሬም አልታደሰም?» ስልዎት፣ «ይኼኛው ስብከቱን አልሰማም» ይሉኝ ነበር።

እትዬ ዓባይነሽ በዚያን ጊዜ ንስሮቹን አይወዷቸውም ነበር። ለእሳቸው ምንቃሩ ቆልመም ያለ ወፍ ሁሉ ጭላት ነው፤ ጭላት ደግሞ ትዳር ከያዙ ጀምሮ ጫጩታቸውን ሲነጥቅ የኖረ ጠላታቸው ነው። ንስሩ ክንፉን ዘርግቶ ጎጆው ላይ ሲያርፍ ከጓዳ ብቅ ብለው ስልኩን «እሽ፣ ሂድ ከዚያ» ይሉታል። አንድ ቀን ነጠላቸውን እያወናጨፉ ሲጠጉት ደርሼ ያዝኳቸው። «የታመመ ሰው ራስጌ ሌባ ይቀመጣል?» አሉኝ።

ከዚያ ዓይንዎ ደከመ። ያም ስኳሩ ነው። ግንቦት ላይ ስልኩ እጅዎ ላይ እንዳለ ጥላ ብቻ ያዩ ጀመር። አንድ ቀን «ምን እያደረጉ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ቤት ውስጥ ከእትዬ በቀር ሰው አልነበረም።

«ተቀምጣለች» አሉ እትዬ።

«አሁንስ?»

«አሁንም ተቀምጣለች።»

«ፊቷ ወዴት ነው?»

«ወደ ቡሬ።»

አጀማመራቸው ይህን ያህል ነበር። ሰነባብተው ግን እኔ በሠላሳ ዓመት የጋዜጣ ሥራ ያላገኘሁትን ነገር አገኙ። «አባትዬው ባዶ እጁን መጣ» ይላሉ። «እናቲቱ ቀና ብላ አየችው። ምንም አላለችም። ይህን ዝምታ እኔም አውቀዋለሁ፤ እርስዎ ከገበያ ሲገቡ ዝም የምለው ዝምታ ነው።» እርስዎ ይስቃሉ፣ ሳቁ ሳል ይሆናል፣ ሳሉ ሲያልፍ «ቀጥይ» ይላሉ።

ጫጩቶቹ ሰኔ ላይ በረሩ። ንስር ጎጆ የሚይዘው ልጅ ለማሳደግ እንጂ ለመኖር አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ ካሜራው የሚያሳየው ባዶ ጭራሮ ነው። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ዝናብ አሯሩጦኝ ቤትዎ ገባሁ። እትዬ በእናቲቱና በአንዲት ጉጉት መካከል የተደረገ ጦርነት እየተረኩ ነበር። ጉጉቷ ዓይኗን ልታወጣት ስትል አባትዬው ከደመና ውስጥ ወጥቶ በጥፍሩ አነቃት። እርስዎ በጀርባዎ ተኝተው «ከዚያስ?» ይላሉ። ስልኩን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ጭራሮ ነው። እትዬ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔም ወሬ ሳጣራ የኖርኩ ሰው፣ «አዎ፣ ጉጉቷ ትልቅ ናት» ብዬ መሰከርኩ።

ያውቁ ነበር? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንድ ጊዜ «ዛሬ ጉጉቷ ትቅርና ዓሣውን ንገሪኝ» ማለትዎን ሳስታውስ፣ ያውቁ ነበር እላለሁ።

በጥቅምት አረፉ። ተዝካርዎ በኅዳር ወጣ፤ ሰው ብዙ ነበር፣ ጠላው ቀጥኗል ያለ አልነበረም። ሠርክአዲስ ስልኩን ይዛ ወደ ቡሬ ልትመለስ ስትል እትዬ «ይቀመጥ፤ ሰዓት አይበታለሁ» አሉ። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ። ሠርክአዲስ ስልኩን ትታ ሄደች።

ጥቂት ቀን ቆይቼ ልጠይቃቸው ስመጣ ከበር ውጭ ድምፅ ሰማሁ። «አያ» ይላሉ። «እናቲቱ አዲስ ጭራሮ አምጥታ ዳር ላይ አስቀመጠች። አባትዬው አንሥቶ ሌላ ቦታ አደረገው። እሷ ደግሞ መልሳ አነሣችው። ይኸው ከነጋላቸው ጀምሮ በአንድ እንጨት ይመላለሳሉ።» አልጋዎ እንደተነጠፈ ነው። እሳቸው በርጩማው ላይ፣ ስልኩ ትራሱ ላይ። እኔ ስገባ አልደነገጡም፣ ንግግራቸውንም አላቋረጡም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ለንስሮቹ ይነጋል፤ ከዚያ ሰዓት ወዲህ እትዬን የፈለገ ሰው ይጠብቃል።

አሁን ወደ አንገታቸው ልምጣ። እንቅርታቸውን ያውቁታል፤ ሲያገቧቸውም የነበረች፣ እርስዎ «የማታወልቀው ጌጥ» ይሏት የነበረች ትንሽ እብጠት ናት። ከሐዘኑ ወዲህ አደገች። ሲተኙ ትንፋሻቸው ያፏጫል። ከገበያ የሚመለሱት የታመመች በቅሎ እንደያዘ ሰው መንገድ ላይ እየቆሙ ነው። ደም ግፊትም ተጨመረበት። እሳቸው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብለው ሳቁበት፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን ሳትስቅ «አታስደንግጧቸው» አለችን።

አባትዬው የጠፋው በዚህ መሐል ነው። ጥር ላይ ከጎጆው ቀረ። ካሜራውን የሚከታተሉት ሰዎች ሞቷል አላሉም፤ «ለጊዜው አላየነውም» ብለው ጻፉ። ይህን አጻጻፍ አውቀዋለሁ፤ እኔም ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ከሠርክአዲስና ከጎረቤታችን ከንግሥቴ ጋር ተማከርን። ንግሥቴን ያውቋታል፤ የሴቶቹ አንድ ለአምስት መሪ ናት፣ የሰፈሩን ሐዘንም ደስታም እሷ ነች የምታስተናብረው። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፣ እትዬም ያመማቸው ናቸው፣ ስለዚህ ኔትወርክ የለም እንበል አልን። የስልኩን ኢንተርኔት ዘጋሁት።

ብዙ አልቆየም። እትዬ ሦስታችንንም አስጠርተው ፊታቸው አስቀመጡን።

«ሰው ሞቶ ሲደበቅ የምታደርጉትን ነው የምታደርጉት» አሉ። «ሥራ ሳይኖራችሁ ትመጣላችሁ። ያልጣመውን ጠላ ጣመን ትላላችሁ። ሠርክአዲስ በሥራ ቀን ከቡሬ መጥታለች። ማነው የሞተው?»

«ኧረ እማ፣ ማንም አልሞተም» አለች ሠርክአዲስ።

«እንግዲያው ስልኩን ክፈቱት።»

ንግሥቴ አሻፈረኝ አለች። «መርዶ እንዲህ ከሰዓት በኋላ፣ ቁጭ ተብሎ አይነገርም፤ ንስርም ቢሆን ወግ አለው። ነገ በማለዳ እንመጣለን» አለች። እትዬም ወግ አዋቂ ናቸውና እሺ አሉ፤ ምን እንደሚነገራቸው እያወቁ ተኙ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ንግሥቴ ሁለት ሴቶች አስከትላ፣ ሦስቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ሲመጡ ያየቻቸው አንዲት ሴት ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ማልቀስ ጀመረች። ያን የሰማ ቤት ሁሉ ወጣ። ፀሐይ ስትወጣ ግቢው ሞልቷል። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጥሩምባውን ታጥቆ ደረሰና ንግሥቴን በቀስታ «የማንን ስም ልጥራ?» አላት። ንግሥቴ ጥቂት አሰበች።

«የውጭ አገር ሰው ነው» አለችው።

ነገሩ ሲገለጥ የተቆጣ አልነበረም፤ ከመጣን አይቀር ብለው ተቀመጡ። ጥሩምባ ነፊው «ንስሩ የእድር መዋጮ ነበረው?» ብሎ ሲጠይቅ እትዬ ራሳቸው ሳቁ። ንግሥቴ ደግሞ ሰው በብዛት በመሰብሰቡ ተደስታ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነበር ብላ ሪፖርት አደረገች። አጀንዳውን የቤተሰብ ጤና ብላዋለች።

እውነተኛው ቁጣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳምንት አልፎ ብዙም ሳይቆይ አንድ ሌላ ወንድ ንስር ጎጆው ዳር ላይ አረፈ። እናቲቱ አላባረረችውም። እንዲያውም ጠጋ አለችለት።

«አርባው ሳይወጣ» አሉ እትዬ። ስልኩን በፊቱ ደፉት።

«እትዬ፣ እሷ ተዝካር የምታወጣው በየትኛው ጤፏ ነው?» አለች ንግሥቴ።

«ጤፍ ባይኖር ዕፍረት የለም?»

ከዚያ ወዲህ ለእርስዎ የሚነግሩት የአየር ጠባይ ብቻ ሆነ። «አያ፣ እዚያ በረዶ ነው። ሌላ ወሬ የለም» ይሉና ስልኩን ይዘጋሉ። እንዲህ ሆነው የካቲት ገባ፤ እንቁላሎቹ ተጣሉ፤ እሳቸው አልነገሩዎትም። አንድ ቀን ግን በበሩ ሳልፍ ድምፃቸው ተመልሶ ሰማሁት። «አያ፣ በደጋው አገር በፈረስ ቤት የሚወርደውን ውርጭ ሰባት እጥፍ አድርገው ያስቡት። አዲሱ ሰውዬ እንቁላሉን ታቅፎ ተቀምጦበታል። እስከ አንገቱ በበረዶ ተቀብሯል። እሷ ልቀይርህ ብላ መጣች፤ አልነሣም አላት።» ቀጥሎ፣ «ይቀመጥ። ፈቅጄለታለሁ» አሉ።

የመጀመሪያው ጫጩት በሆሳዕና ተፈለፈለ፤ ስሙንም ሆሳዕና አሉት። ሁለተኛዋ በሕማማት ወጣች። በሕማማት ክርስትና አይነሣምና እስከ ትንሣኤ ያለ ስም ቆየች፤ ከዚያ ፋሲካ ተባለች። ወንድና ሴት መሆናቸውን በምን እንዳወቁ ጠይቄያቸው ነበር። «እሷ ታናሽ ሆና ቀድማ ትበላለች» አሉኝ፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልሰጡኝም።

በሕማማት ግን ጭንቅ መጣ። ወላጆቹ ከጠዋት እስከ ማታ ዓሣ እየዘነጠሉ ያጎርሳሉ፤ እትዬ ከስግደት መልስ ያንን ያያሉ። የነፍስ አባታቸውን መምሬ ክንፈሚካኤልን ጠየቁ። «አባቴ፣ በጾም ሲበሉ ማየት ኃጢአት ነው?»

መምሬ ስልኩን ተቀብለው አዩት። «ኃጢአቱ መጎምጀት ነው እንጂ ማየት አይደለም» አሉ። «ይህ ጥሬ ዓሣ የሚያስጎመጅዎት ከሆነ ግን የሚያስፈልግዎት ንስሐ ሳይሆን ሐኪም ነው።»

ሐኪም ጋ የሄዱት ከትንሣኤ በኋላ ነው። ሠርክአዲስ ባሕር ዳር ወሰደቻቸው። እንቅርቱ ወደ ውስጥ አድጎ የትንፋሽ ቧንቧውን እየተጫነ ነው፣ ሳይቆይ መውጣት አለበት፣ ካልወጣ አንድ ቀን ትንፋሹን ይዘጋዋል ተባሉ። ለሰኔ 1 ተቀጠሩ። እትዬ «እሺ» አሉ። ሠርክአዲስም እሺታቸውን አመነች።

ግንቦት ከተጋመሰ በኋላ አንድ ቀን አስጠሩኝ። ስደርስ ንግሥቴና ሌሎች ጎረቤቶች አልጋዎን ከበው ቆመዋል። ስልኩ ላይ ሆሳዕና ተዘርፍጧል፤ ከጉሮሮው ሥር ትልቅ እብጠት ወጥቶበታል።

«እንቅርት አወጣ» አሉ እትዬ። የሰፈራችን ሴት ይህን ስታይ ሌላ ነገር አይታሰባትም፤ ሁሉም ደረታቸውን ደቁ።

በማግሥቱ አየነው። አንገቱ ልሙጥ ነው።

«ማን ቀደደው?» አሉ እትዬ ያን ዕለት ከቡሬ ወደ መጣችው ሠርክአዲስ ዞረው። «ማንም። ምን በላ? ዓሣ። ለሐኪሙ ደውይና እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በይው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ለወሬ አይመችም። ንግሥቴ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ዓሣ አስመጣች፤ ዓሣው ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ነበር አሉ። እትዬ ዓሣ አይወዱም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ፣ ጎርሰው አንገታቸውን ዳሰሱ። በሰፈሩ እንቅርት ያለባቸው ሌሎች ሴቶችም እየመጡ ቀመሱ፤ አንዷ ቀንሶልኛል አለች። ሠርክአዲስ ቡሬ ሆና በስልክ ታለቅስብኛለች። «ጋሼ ደጀኔ፣ ያችን እናት ለአሞራ ብዬ ልቅበራት?» አለችኝ።

ባለፈው ረቡዕ ቆርጬ ሄድኩ። ወረቀት ላይ የንስር አንገት ሥዬ ነበር። ፊታቸው ዘርግቼ አስረዳሁ፤ ንስር እንደ ዶሮ ሁሉ ከጉሮሮው ሥር ምግብ የሚያቆይበት ከረጢት አለው፣ ሲጠግብ ይነፋል፣ ምግቡ ወደ ሆድ ሲወርድ ይሟሽሻል፣ ይህ እንቅርት አይደለም አልኩ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ደጀኔ» አሉ። «በየፋሲካው ለወንድምህ ዶሮ ስገነጥል የኖርኩት እኔ ነኝ ወይስ ጋዜጣህ ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እና የዶሮ ጉሮሮ ምን እንዳለበት አንተ ትነግረኛለህ?»

«ካወቁት ታዲያ ያን ዓሣ ለምን በሉ?»

በመንገዱ ላይ የጭነት መኪና አለፈ፤ እሱ እስኪርቅ ጠበቁ።

«ሠርክአዲስ ወረቀት ልታስጨርስ የወጣች ጊዜ ሐኪሙን ጠየቅሁት» አሉ። «የድምፅ ጅማት በዚያው በእንቅርቱ ሥር ያልፋል አለኝ። ብዙው ሰው ደህና ይሆናል፤ የአንዳንዱ ድምፅ ግን ይሰልላል፣ የአንዳንዱም ይጠፋል አለኝ። ደግ ልጅ ነው፣ አልዋሸኝም።» እጃቸውን አልጋዎ ላይ አደረጉ። «ድምፄ ከሄደ ለእሳቸው ማን ይነግራቸዋል?»

«እትዬ፣ ጋሼ ሰይፈ እኮ አሁን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ጨርሰው እንጂ» አሉኝ።

አልጨረስኩትም። በምትኩ «እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

«አንተ?» መጀመሪያ ከልባቸው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ፉጨት ተለወጠና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ፊታቸው የያዘውን መልክ ልገልጽልዎት እችል ነበር፤ አልገልጽልዎትም። ትንፋሻቸው ሲመለስ ካቆሙበት ቀጠሉ። «አንተ ዝናብ ዘነበ ለማለት እንደተገለጸው የምትል ሰው ነህ። አያ ሰይፈ ጋዜጣህን የሚያስነብቡኝ እንቅልፍ ሲያጡ ነበር።»

ይህን ከእርስዎ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«እንዲያውም ጽፈህ አሳየኝ» አሉ። «ለእሳቸው ጻፍላቸው። ከሥሩ ጀምረህ፣ እስካሁን የሆነውን ሁሉ። የምትነግር ከሆነ እንዴት እንደምትነግር ልስማ። ከወደድኩት ሰኞ እሄዳለሁ። ካልወደድኩት ድምፄን ይዤ እቀመጣለሁ።»

«ትንፋሹ ቢዘጋስ?»

«ያን ጊዜ እኔው ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ጋሼ፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ አዘጋጅ ጽሑፌን ጥሎብኛል። ሰው የሚሞትበት ጽሑፍ ግን ጽፌ አላውቅም።

ትናንት ማምሻውን የደብዳቤውን መጀመሪያ አነበብኩላቸው። «ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ወጣ» ከሚለው አላለፍኩም።

«ወጣ ብቻ?» አሉ። «መሰላል ነበረው?»

ስለዚህ እንደገና እነግርዎታለሁ። ነፋስ ነበረ፣ ዛፉ ይወዛወዛል። ሆሳዕና ጎጆው ዳር ቆሞ ክንፉን ከፈተ፤ ነፋሱ ከሥሩ ገባና ሳያስበው አነሣው። የተነሣው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ደንግጦ ክንፉን ሰበሰበ፣ ፋሲካ ላይ ወደቀ። ፋሲካ ዓሣዋን እየበላች ነበር፤ ነከሰችው። ሆሳዕና ወደ ዳር ተመልሶ ዙሪያውን ቃኘ፤ በአደባባይ ወድቆ ማን አየኝ እንደሚል ሰው። ከዚያ ነፋስ ሳይጠብቅ ዘለለ። አንድ እግሩ ቅርንጫፉን ያዘ፣ ሌላው ሳተ፣ ክንፉን እየመታ ተንጠለጠለ፣ ቆይቶ ሁለተኛውም ያዘ። እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። መውጣቱን እንጂ መውረዱን አላሰበበትም። እናቲቱ ማዶ ካለ ዛፍ ላይ ዓሣ በጥፍሯ ይዛ ታየዋለች። አታመጣለትም። ከራበው ይምጣ ብላለች። አዲሱ አባት እሷ አጠገብ ተቀምጧል፤ በዚህ ጉዳይ ሐሳብ የለውም።

ይህን ዛሬ ጠዋት አነበብኩላቸው። እትዬ ምስር እየለቀሙ ሰሙኝ።

«ነከሰችው የሚለው ደህና ነው» አሉ። ምስሩን ወደ መልቀም ተመለሱ።

ቀሪውን የሚሰሙት እሑድ ነው። ከቅዳሴ መልስ አልጋዎ አጠገብ ተቀምጬ ከዳር እስከ ዳር አነብላቸዋለሁ። መምሬ ክንፈሚካኤል ይመጣሉ። ንግሥቴም ትመጣለች፤ ጥሩምባ ነፊው ቤቱ እንዲቆይ ተነግሮታል። ስለ ጉጉቷ የጻፍኩትን ልሰርዘው አስቤ ነበር፤ እሳቸው ይስሙትና ይፍረዱ ብዬ ትቼዋለሁ። አንድ «እንደተገለጸው» ነበረች፣ አውጥቻታለሁ። እርስዎ ያለዎት ሐሳብ ካለ እስከ እሑድ ድረስ ጊዜ አለ።

ሠርክአዲስ ለሰኞ ንጋት ወደ ባሕር ዳር መኪና ተነጋግራለች። ሾፌሩ «ስንት ሰው ነው የምትሄዱት?» ቢላት፣ «እሑድ ማታ ደውዬ እነግርሃለሁ» አለችው።

ታናሽ ወንድምዎ
ደጀኔ